መልስ፦ ፈጠራ የትልልቅ ፋብሪካዎች ብቻ ነው ወይ?

ወንድሜ፣ «ድሬ ላይ ትንሽ ብሎኬት ማምረቻ አለኝ፤ አዲስ ነገር ላይ ገንዘብ ማውጣት ያዋጣኛል ወይስ ለትልልቆቹ ልተወው?» ብለሃል።

አትተወው። ሒሳቡ ግን ይለያያል። አንድ ሙከራ የሚፈጀው ወጪ ብዙ አመረትክ ጥቂት ያው ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካ ያንን ወጪ በብዙ ሺህ ኩንታል ላይ ይበትነዋል፤ አንተ በጥቂት ብሎኬት ላይ ትጭነዋለህ። ትልልቆቹ ለምርምር ብዙ የሚመድቡት በዋናነት ለዚህ ነው፣ ጎበዝ ስለሆኑ አይደለም። እንዲያውም ኮኸን እና ክሌፐር የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዳሳዩት፣ ድርጅት ሲተልቅ ለምርምር የሚያወጣው አብሮ ያድጋል፤ ከእያንዳንዱ ብር የሚገኘው ፈጠራ ግን ይቀንሳል።

ያንተ ጥቅም ፍጥነት ነው። ጠዋት ፎርማውን (ብሎኬቱ የሚቀረጽበትን ብረት) በይደህ ታስተካክላለህ፣ ከሰዓት ግንበኛው ጠርዙ እንደሚሰበር ፊት ለፊት ይነግርሃል። ፋብሪካ ውስጥ ለዚህ ስብሰባ ይጠራል! ደግሞ እንዲህ ያለው ሥራ መዝገብ ላይ «ምርምር» ተብሎ ስለማይጻፍ ትንንሾች ምንም የማይሞክሩ ይመስላሉ።

አንገት የሚያንቀው ብድር ነው፤ ባንኩ «ቤት ወይም ሕንፃ አስይዝ» ይልሃል። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ የማሽን ሊዝ (ማሽን ገዝቶ ማከራየት) አለው፣ ቅርንጫፉን ጠይቅ። እስከዚያ አንድ ፎርማ ብቻ ቀይረህ ሞክር።