ጫጩት ለሚሞጨልፍ ጭልፊት መርዝ አታስቀምጪ

እህቴ፣ የጠየቅሽው ሁለት ነገር ነው። ጭልፊት ጫጩቶችሽን እየለቀመ ስለጨረሰብሽ ምን ብታደርጊ ይሻላል? ጎረቤትሽ «ስጋ ላይ መርዝ ነስንሰሽ ጣሪያ ላይ አስቀምጪለት» ያሉሽስ ያዋጣል ወይ? ከሁለተኛው ልጀምር። እባክሽ አታድርጊው።

መርዙን ጭልፊቱ ብቻ አይበላውም። የግቢ ውሻ ይበላዋል፣ ድመት ይበላዋል። ተመርዞ የሞተውን ደግሞ ጥንብ አንሳ ያነሳዋል። እኔ ያደግኩት ቄራ አካባቢ ነው። እዚያ ጣሪያና ዛፍ ላይ ተደርድረው የሚውሉትን፣ ፊታቸው ላባ የሌለውን ትንንሽ ጥንብ አንሳዎች አይተሽ ይሆናል። ሰው ይጸየፋቸዋል። ከእርድ የተጣለውን ሳይከረፋ የሚያነሱልን ግን እነሱ ናቸው። ይህ ዝርያ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ከምድር ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግቧል። ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ መርዝ ነው። ሴቷ በአንድ የመራቢያ ወቅት የምትጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ስለሆነ፣ የሞተው ቶሎ አይተካም።

አሁን ወደ ጫጩቶቹ። መጀመሪያ ሌባው ማን እንደሆነ እርግጠኛ ሁኚ። ጫጩት የሚሞጨልፈው ጭልፊት ቡናማ ነው፣ ጅራቱ መሃሉ ላይ ሰርጎድ ይላል፣ ሲያንዣብብ ጅራቱን ወዲህና ወዲያ ያጣምማል። የሚሠራው ቀን ነው። ሳያርፍ በእግሩ አንስቶ ይሄዳል። ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ኪሎ ስለማይሞላ ትልቅ ዶሮ ይዞ አይበርም። ሌሊት ዶሮ ከጠፋብሽ፣ ወይም ደምና ላባ ተበትኖ ካደረ፣ ሽለምጥማጥ ወይ ድመት ጠርጥሪ። እንደዚያ ከሆነ የሚጠገነው የቆጡ በር ነው።

የመብራት ምሰሶ ላይ ተቀምጦ የሚውል፣ ሆዱ ነጭ፣ ጅራቱ አጭርና ቀላ ያለ ሌላ አዳኝ ወፍ አለ። እሱን ተዪው። አልፎ አልፎ ጫጩት ቢያነሳም ዋና ምግቡ አይጥ ነው። እኔ እንዲያውም ግቢዬ አጠገብ ሲያርፍ ደስ ይለኛል።

ቡራዩ ባለው ግቢዬ ብዙ ነገር ሞክሬያለሁ። ማስፈራሪያ አቆምኩ፣ የሚያብለጨልጭ ሲዲ ሰቀልኩ። ጥቂት ቀን ይሠራሉ፣ ከዚያ ጭልፊቱ ይለምዳቸዋል። የሠራልኝ ነገር ጫጩቶቹን ሁለት ወር እስኪሞላቸው ከላይ በተሸፈነ ቦታ ማዋል ነው። አራት እንጨት ተክለሽ ጎኑንም ጣሪያውንም በወንፊት ሽቦ መምታት ነው። ሽቦው ከተወደደብሽ የዓሣ መረብም ይሆናል። ሲወጡ ደግሞ ባዶ ሜዳ ላይ አይሁን። ጎመን፣ ጌሾ፣ ቁጥቋጦ ካለበት ጥግ ልቀቂያቸው።

እናት ያላቸው ጫጩቶች ይሻላሉ። የጭልፊቱ ጥላ መሬት ላይ ሲያልፍ ዶሮዋን አይተሻታል? አንገቷን አዘንብላ በአንድ ዓይኗ ወደ ላይ ታያለች። ረዘም ያለ ድምፅ ታሰማለች። በዚያች ቅጽበት ጫጩቶቹ ጭጭ ይላሉ፣ የቀረበው ክንፏ ሥር፣ የራቀው ቅጠል ሥር ይገባል። ከማስፈልፈያ የተገዙ የፈረንጅ ጫጩቶች ግን ይህን የሚነግራቸው የለም። ሜዳ ላይ እንደቆሙ ይወሰዳሉ። ያንቺ የተገዙ ከሆኑ ነገሩ ይህ ይመስለኛል።

ሌላው ትልቁ ነገር ትርፍራፊ ነው። በዓል ሲመጣ በግ የታረደበት ሰፈር ላይ ሰማዩ በጭልፊት እንደሚሞላ ታውቂያለሽ። የበጉን ሆድ ዕቃ፣ የዶሮውን አንጀት ደጅ የምትጥዪ ከሆነ አንቺው ጠራሽው ማለት ነው። ቅበሪው። ምግብ ያገኘበትን ግቢ በየቀኑ እየተመላለሰ ይቃኛል።

«ለልጆቼም ፈራሁ» ብለሻል። ልጅ አንስቶ መሄድ አይችልም፣ በዚህ አትጨነቂ። የሚፈልገው እጃቸው ላይ ያለውን ነው። ከሉካንዳ ስጋ በስስ ፌስታል አንጠልጥሎ ሲሄድ የተነጠቀ ሰው አይቻለሁ። ሲነጥቅ ጥፍሩ እጅ ሊቧጭር ይችላል። ስለዚህ ልጆቹ ሥጋ ይዘው ደጅ አይብሉ። ከቧጨራቸው ቁስሉን በውሃና በሳሙና በደንብ እጠቢ፣ ጠለቅ ካለ ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው።

ጎረቤትሽ መርዙን ቀድመው አስቀምጠው ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ይነሳ። ውሻውን እሰሪ፣ ልጆቹን ቤት አስገቢ። ስጋውን በባዶ እጅ አትንኪው። በወፍራም ፌስታል አንስተሽ፣ ከውሃ ጉድጓድ ርቀሽ፣ ውሻ በማይደርስበት ጥልቀት ቅበሪው። የነካካሽበትን ዕቃ ለምግብ አትጠቀሚበት። የሞተ ወፍ ካገኘሽም ሜዳ ላይ አትጣዪው፣ አብረሽ ቅበሪው።