መካኒካል ምህንድስናና ናኖ ቴክኖሎጂ፦ ስለ ዘይት፣ ስለ ሰበቃና ስለ ብረት መበላት ጥያቄና መልስ

በአቃቂ ቃሊቲ፣ በገላንና በዱከም በፋብሪካ ጥገናም ሆነ በትምህርት ላይ ያላችሁ አባላት ያቀረባችኋቸውን ጥያቄዎች እመልሳለሁ። ሙያዬ ሰበቃና (ሁለት ነገሮች ሲፋተጉ እንቅስቃሴን የሚቃወመው ኃይል) ቅባት ስለሆነ በዚያ ላይ እረዝማለሁ፤ የብረት መበላት የምለውም በመፋተግ ማለቁን እንጂ ዝገትን አይደለም። አስቀድሜ ሁለት ነገር አሳስባለሁ፦ ደረቅ የናኖ ዱቄት (ቅንጣቱ በናኖሜትር፣ ማለትም በሜትር ቢሊዮንኛ የሚለካ ዱቄት) ያለ መከላከያ አትክፈቱ፤ ያልተፈተነ ዱቄትም በሥራ ላይ ባለ ሞተር ውስጥ አትጨምሩ።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ቂሊንጦ)፦ ኢንጂነር፣ ጤና ይስጥልኝ። ለማስተርስ ጥናቴ በሞተር ዘይት ውስጥ የሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ናኖ ዱቄት ጨምሬ የብረትን መበላት ለመቀነስ አስቤያለሁ። እኔ ሴት ልጅዎ እንደምሆን ቆጥረው ይምከሩኝ፤ ርዕሱ ያዋጣል?

መልስ፦ ያዋጣል ልጄ። ሆኖም ዱቄትሽ የሚወዳደረው ከራቁት ብረት ጋር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ በሞተር ዘይት ውስጥ የሚጨመረው ዚንክና ፎስፈረስ ያለበት ውህድ፣ ብረት ከብረት ሲፋተግ በሚፈጠረው ሙቀትና ግፊት ተለውጦ 100 ናኖሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ብርጭቆ መሰል ሽፋን በብረቱ ላይ ይሠራል። በብረቱ ፋንታ የሚበላው ይህ ሽፋን ነው፤ ውህዱ ዘይቱ ውስጥ እስካለ ድረስም በተበላው ቦታ ሌላ ይተካል። ስለዚህ ሙከራሽን ምንም ባልተጨመረበት መነሻ ዘይት ላይ ብቻ ከሠራሽ የምታገኚው ጥሩ ውጤት ገበያ ላይ ባለው ዘይት ውስጥ ላይደገም ይችላል፤ በሁለቱም ላይ ሞክሪ።

የሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ጥቅም ንጣፎቹ እርስ በርስ የተያያዙት በደካማ ኃይል ስለሆነ አንዱ በሌላው ላይ በቀላሉ መንሸራተቱ ነው። ችግሩ ቅንጣቶቹ ተጓጉለው ከሥር መዝቀጣቸው ነው። ይህን ለመከላከል ኦሌይክ አሲድ ወይም ሌላ በታኝ ይጨመራል፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ኦሌይክ አሲድ ራሱ ሰበቃን ይቀንሳል። ዘይቱን ለብቻው፣ ዘይቱን ከበታኙ ጋር፣ ከዚያም ዘይቱን ከበታኙና ከዱቄቱ ጋር ለየብቻ ካልፈተንሽ፣ ለውጡን ያመጣው ዱቄቱ ነው ማለት አትችዪም። ናሙናውን ከሙከራው በፊትና በኋላ በአሴቶን አጥበሽ፣ በደንብ አድርቀሽ፣ እስከ 0.1 ሚሊግራም በሚለይ ሚዛን መዝኚ። እያንዳንዱን ሙከራ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ድገሚ።

ጥያቄ (የጥገና ባለሙያ፣ ገላን)፦ በራዲያተር ውኃ ውስጥ የናኖ ዱቄት ቢገባ ማቀዝቀዙ በብዙ እጥፍ ይጨምራል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ በብዙ እጥፍ አይጨምርም። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1995 ከአሜሪካው የአርጎን ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ሲወጣ ታላቅ ተስፋ አሳድሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ከ30 በላይ ተቋማት ተመሳሳይ ናሙና ተከፋፍለው የለኩበት ጥናት ግን ከቀድሞው የሙቀት ማስተላለፍ ስሌት የወጣ ተአምር አላገኘም። በዚያ ላይ ፈሳሹ ስለሚወፍር ፓምፑ ይደክማል።

ጥያቄ (የቶርኖ ቤት ባለቤት፣ ቃሊቲ)፦ ወርቃማዎቹ ፑንታዎች (የመሰርሰሪያ ጫፎች) ናኖ ናቸው?

መልስ፦ ሽፋኑ ቲታኒየም ናይትራይድ ሲሆን ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺህኛ) ነው፤ በናኖ የሚለካው በሽፋኑ ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች መጠን ነው። ፑንታውን በሳሉ ቁጥር ከጫፉ ላይ ሽፋኑ እንደሚነሳ ይወቁ። ቀለሙ ብቻውንም ለጥንካሬው ማስረጃ አይሆንዎትም።

ጥያቄ (ሱሉልታ)፦ ናኖ በአገራችን ተስፋ አለው ወይ?

መልስ፦ ለየትኛው ሥራ፣ በየትኛው ማሽን ላይ? ጥያቄውን አጥብበው ይመለሱ።

አባል (ለቡ)፦ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በእጁ የሌለው ሰው የናኖ ምርምር እሠራለሁ ማለቱ ራስን ማታለል ነው።

አባል (ዱከም)፦ አልስማማም። ናሙናውን እዚሁ አዘጋጅቶ ለምስል ብቻ ወደ ሌላ ቤተ ሙከራ መላክ ይቻላል።

አባል (ለቡ)፦ ወረፋውስ? መለዋወጫ የሚገዛበት የውጭ ምንዛሪስ ከየት ይመጣል?

አባል (ዱከም)፦ በምንዛሪ ከተሳበበማ ምንም ሥራ አይሠራም።

መልስ፦ የምንዛሪውን ክርክር እዚህ ላይ እናቁም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው የሰበቃ ተመራማሪዎቹ የሆልምበርግና የኤርደሚር ስሌት እንደሚያሳየው፣ ዓለም ከምትጠቀመው ኃይል 20 በመቶ ገደማው ሰበቃን ለማሸነፍ፣ 3 በመቶ ገደማው ደግሞ የተበሉ ክፍሎችን ለመተካት ይውላል። ከእኛ ሰፈር ፋብሪካዎች የሚወጣው የተቃጠለ ኩሽኔታ የዚህ አካል ነው። ይህን ለማጥናት መጀመሪያ የሚያስፈልገው የሰበቃ መለኪያ ሲሆን፣ የሚሽከረከር ዲስክ፣ ዲስኩን የሚጫን ፒን፣ ክብደትና የኃይል መለኪያ ያለው መሣሪያ በአንድ ደህና ቶርኖ ቤት ሊሠራ ይችላል። ማይክሮስኮፕ የሚያስፈልገው የተበላው ገጽ ለምን እንደተበላ ለማየት ነው፤ ለዚያም ቂሊንጦ ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የናኖ ቴክኖሎጂ የልህቀት ማዕከል ስላለው በዚያ በኩል ጠይቁ። ለወጣት መካኒካል መሐንዲስ ትልቁ ዕድል ዱቄት መሥራት ሳይሆን የፋብሪካውን ብረት በትክክል መለካት ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ (ቱሉ ዲምቱ)፦ ለአይሱዙ ሞተሬ የትኛውን የናኖ ዱቄት ልጨምር?

መልስ፦ የትኛውንም አይጨምሩ። ከመግቢያው ላይ ተናግሬያለሁ፤ የተጓጎለ ዱቄት ፊልትሮ ይደፍናል። ዘይቱን በጊዜው ይቀይሩ።

ጥያቄ (ለገጣፎ)፦ ናኖ ለካንሰር ሕክምና ይረዳል?

መልስ፦ ሙያዬ አይደለም፤ ሐኪም ይጠይቁ።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ቂሊንጦ)፦ ዱቄቱን ስመዝን የተለመደው የሐኪም ቤት የአፍ መሸፈኛ ይበቃኛል?

መልስ፦ አይበቃሽም። ፊት ላይ ገጥሞ የሚይዝ፣ ኤን 95 ደረጃ ያለው መሸፈኛ አድርጊ፤ የአየር መሳቢያ ባለበት ሳጥን ውስጥ ሥሪ፤ ከተቻለም በፈሳሽ ተበጥብጦ የሚመጣውን ግዢ። የፈሰሰውን በእርጥብ ጨርቅ አንሺ እንጂ በመጥረጊያ አትጥረጊ። ወደ ካርቦን ናኖ ቱቦ የምትዞሪ ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄሽን እጥፍ አድርጊ፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2014 ከዓይነቶቹ አንዱን ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ብሎ መድቦታል። ይህንን ለአማካሪሽም አሳዪና ሳጥኑ መኖሩን ካረጋገጥሽ በኋላ ዱቄቱን እዘዢ።