ጠርሙስ ውስጥ የሚጠፋው ክሮሚየም (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጽሑፌ ከሞጆ ወንዝ፣ ከቆዳ ፋብሪካዎቹ በታች ካለ ቦታ ናሙና ቀዳሁ። ለብረታ ብረት ምርመራ እንደተለመደው ወዲያው ናይትሪክ አሲድ ጨምሬ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) ከ2 በታች አወረድኩት። ከሦስት ቀን በኋላ በዳይፌኒልካርባዛይድ (ከክሮሚየም ስድስት ጋር ሲገናኝ ቀለም በሚሰጥ ኬሚካል) ስለካ አጠቃላይ ክሮሚየሙ ብዙ ሆኖ ሳለ ክሮሚየም ስድስት ግን ዜሮ ሆነ። ውጤቱን ልጻፈው?

መልስ፦ እባክዎ አይጻፉት። ለአጠቃላይ መጠን አሲድ መጨመርዎ ልክ ነው፤ ብረቱ ጠርሙሱ ላይ እንዳይለጠፍ ይከላከላል። ክሮሚየም ስድስት (ሄክሳቫለንት የሚባለው) ግን አሲድ ውስጥ ሲገባ ያገኘውን ሁሉ ኦክሲዳይዝ ያደርጋል (ኤሌክትሮን ይወስድበታል)፤ ራሱም ወደ ክሮሚየም ሦስት ይወርዳል። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ደግሞ ጸጉር ለማራገፍ የገባውን ሰልፋይድ፣ ስብና ፕሮቲን ይዞ ስለሚመጣ ወደ ሦስት የሚያወርደው አያጣም። አንዴ ከወረደ በኋላ ቀድሞ ምን ያህል እንደነበር የሚነግርዎ መሣሪያ የለም። ሰልፋይድ ያለበት ውሃ ላይ አሲድ ሲፈስ መርዛማው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ እንደሚወጣም አይርሱ፤ ይህን በዝግ ክፍል ውስጥ አይሥሩት።

ዜሮው እውነት የመሆን ዕድል አለው፤ ቆዳ የሚለፋው በክሮሚየም ሦስት ጨው ነውና። ይህን ለማለት ግን ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ማስረጃው የሚሠራውም እዚያው ወንዙ ዳር ነው።

ውሃውን በቀዱ በ15 ደቂቃ ውስጥ በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ያጥሩና በሦስት ፕላስቲክ ጠርሙሶች ይክፈሉት። አንደኛው ላይ ናይትሪክ አሲድ ይጨምሩ፤ እሱ ለአጠቃላይ የሟሟ ክሮሚየም ነው። ሁለተኛው ላይ ፒኤቹ 9.3 እስከ 9.7 እስኪደርስ የአሞኒየም በፈር (ፒኤችን የሚያጸና ፈሳሽ) ጠብ ያድርጉ። በፈሩ 33 ግራም አሞኒየም ሰልፌት በ75 ሚሊ ሊትር ውሃ ሟሙቶ፣ 6.5 ሚሊ ሊትር የተከማቸ አሞኒያ ተጨምሮበት፣ በውሃ 100 ሚሊ ሊትር የሚሞላ ነው። ፒኤቹን በሜትር ይለኩት፤ የወረቀት ግምት እዚህ አይበቃም። የጨመሩትን መጠን ይመዝግቡ፣ ኋላ ለማቅጠኛው እርማት ያስፈልጋል። በበረዶ ሳጥን ተቀምጦ ከ6 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳያልፍ 28 ቀን ይቆያል።

ሦስተኛው ጠርሙስ ወሳኙ ነው። በ100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ላይ 0.1 ሚሊ ሊትር የ50 ሚሊግራም በሊትር ክሮሚየም ስድስት ስታንዳርድ (መጠኑ የታወቀ ፈሳሽ፦ 141.4 ሚሊግራም የደረቀ ፖታሲየም ዳይክሮሜት በ1 ሊትር) ይጨምሩና እንደ ሁለተኛው በበፈር ያዙት። የጨመሩት 50 ማይክሮግራም በሊትር ነው። ቤተ ሙከራ ደርሶ ከ85 በመቶ በታች ከተገኘ ውሃው ክሮሚየም ስድስትን እየበላ ነው፤ የሁለተኛው ጠርሙስ ዜሮም አይታመንም። 50ው በሙሉ ከተገኘና ሁለተኛው ዜሮ ከሆነ ግን ዜሮዎን በልበ ሙሉነት ይጻፉት።

ለመለካት 250 ሚሊግራም ዳይፌኒልካርባዛይድ በ50 ሚሊ ሊትር አሴቶን አሟሙተው በቡናማ ጠርሙስ ያስቀምጡ፤ ቀለሙ ከተለወጠ ይድፉት። ከ95 ሚሊ ሊትር ናሙና ጋር 2 ሚሊ ሊትር ከዚሁ ሪኤጀንት መጀመሪያ ያዋህዱ፣ ከዚያ በሰልፈሪክ አሲድ ፒኤቹን ወደ 2 አውርደው 100 ይሙሉት። ቅደም ተከተሉን አይገልብጡት፤ አሲዱ ከቀደመ ክሮሚየሙ ሪኤጀንቱን ሳያገኝ ወደ ክሮሚየም ሦስት ይወርዳል። በፈሩ ብዙ አሲድ ስለሚጠጣም በሜትር ያረጋግጡ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆይተው ቀይ ወይን ጠጁን ቀለም በ540 ናኖሜትር ያንብቡ። በ1 ሳንቲሜትር ኩቬት (የመለኪያ ብርጭቆ) 50 ማይክሮግራም በሊትር የሚሰጠው አብዞርባንስ (የተዋጠው ብርሃን ልክ) 0.04 ያህል ብቻ ነው፤ በ5 ሳንቲሜትር ኩቬት ወደ 0.19 ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ ገደብም 50 ማይክሮግራም በሊትር ነው፣ ግን ለአጠቃላይ ክሮሚየም።

ጥያቄ፦ ክሮሚየም ስድስት ከአጠቃላዩ በልጦ ይወጣብኛል። እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የውሃው የራሱ ቀለም ነው። ሪኤጀንቱን ትተው፣ ያንኑ አሲድና አሴቶን ብቻ የጨመሩበትን ናሙና ይለኩና ይቀንሱት። ፌሪክ ብረት ከ1 ሚሊግራም በሊትር ካለፈም ቢጫ ቀለም ይሰጣል። አጠቃላዩ ከልክ በላይ ከፍ ካለ ግን አይሲፒ-ኤምኤሱን (አቶሞችን በክብደታቸው ለይቶ የሚቆጥረውን መሣሪያ) ይጠርጥሩ፦ ካርቦን በበዛበት ውሃ አርጎንና ካርቦን ተጣምረው ልክ እንደ ክሮሚየም በክብደት 52 ላይ ይቆጠራሉ። እንዲህ ያለውን ጥምር በሚያስወግደው በሂሊየም ኮሊዥን ሞድ እንደገና ይለኩ።

ጥያቄ፦ አኒዮን ሬዚን (ኔጌቲቭ ቻርጅ ያለውን የሚይዝ ሙጫ) ላይ የቀረውን ሁሉ ክሮሚየም ስድስት ነው ብል ልክ ነኝ?

መልስ፦ በንጹሕ ውሃ ያስኬድ ይሆናል፣ ከቆዳ ፋብሪካ በታች ግን አይሆንም። ክሮሚየም ሦስትም ከኦርጋኒክ አሲዶች ጋር ተሳስሮ ኔጌቲቭ ቻርጅ ሲይዝ ሬዚኑ ላይ ይቀራል። ከሬዚኑ ያጠቡትን በዳይፌኒልካርባዛይድ ይለኩ፤ ቀለም ያልሰጠው ክሮሚየም ስድስት አይደለም።