ለመርከብ ክፍል አስቀድሞ ስለሚታዘዝ ጠርሙስ፦ ከጎንደር ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በሽርሽር መርከቦች ላይ በመጀመሪያ ክፍል አጽጂ፣ በኋላም የመጠጥ አስተናጋጅ ሆኜ ዘጠኝ ዓመት ከሠራሁ በኋላ ወደ ጎንደር ተመልሻለሁ። ልጆቻቸው ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሚኖሩ ወላጆች ለጥየቃ ሲሄዱ ከባልቲሞር ወደብ በሚነሣ መርከብ አብረው እንዲዝናኑ ስለሚጋበዙ፣ ወደ መኝታ ክፍል ስለሚገባ መጠጥ ከፒያሳም፣ ከማራኪም፣ ከአዘዞም ብዙ ጥያቄ ቀርቦልኛል። ከዚህ በታች ተራ በተራ ለመመለስ እሞክራለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ «ውስኪውን ከአሜሪካ ሱቅ ገዝተን በሻንጣ እናስገባዋለን» ይለኛል። ይህ ይፈቀዳል ወይ? (ከአዘዞ፣ አንድ አባት)

መልስ፦ ጋሼ፣ በትልልቆቹ መርከቦች ላይ አይፈቀድም። ካርኒቫልና ሮያል ካሪቢያን የተባሉት የመርከብ ድርጅቶች ለመጠጥ ዕድሜው የደረሰ እያንዳንዱ መንገደኛ በመሳፈሪያው ቀን ያልተከፈተ አንድ 750 ሚሊ ሊትር ወይን ወይም ሻምፓኝ በእጁ ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳሉ፤ ውስኪ፣ ጂን፣ ቮድካና ቢራ ግን ክልክል ናቸው። ኖርዌጂያን የተባለው ድርጅት ደግሞ ወይን ሲገባ በ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 15 ዶላር ያስከፍላል። ቫይኪንግ የራስን መጠጥ ያለ ክፍያ ይፈቅዳል፤ እርሱ ግን ከብዙዎቹ የተለየ ነው። ሻንጣው ሁሉ ወደቡ ላይ በኤክስሬይ ስለሚታይ፣ ልብስ መሐል የተጠቀለለ ጠርሙስ ከዓይን አያመልጥም። ሻንጣው ተለይቶ ይቀመጣል፤ እርስዎም ተጠርተው በሠራተኞች ፊት እንዲከፍቱት ይጠየቃሉ። በልጅዎና በልጅ ልጆችዎ ፊት እንዲህ ያለ ነገር እንዲደርስብዎ አልፈልግም።

ጥያቄ፦ ታዲያ በክፍላችን ውስጥ ጠርሙስ እንዲኖረን ምን ማድረግ ይገባናል?

መልስ፦ ጎንደር ውስጥ ድግስ ያሰበ ሰው ጌሾውን ቀድሞ ያስወቅጣል፤ ጠላው የሚጠነሰሰው እንግዳው ደጃፍ ሲደርስ አይደለም። የመርከቡም ነገር እንደዚያው ነው። ጉዞው ከተያዘ በኋላ፣ ቦታውን ያስያዘው ሰው በድርጅቱ የኢንተርኔት ገጽ ላይ በራሱ መለያ ገብቶ «ለክፍል የሚላኩ» የሚለውን የመጠጥና የስጦታ ዝርዝር ይከፍታል። አንዳንዶቹ ድርጅቶች ሙሉ የውስኪ፣ የቮድካ ወይም የሮም ጠርሙስ ይሸጣሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ወይንና ሻምፓኝ ብቻ ነው ያላቸው፤ ስለዚህ ቲኬቱ ከመቆረጡ በፊት ዝርዝሩን ማየት ይጠቅማል። ትእዛዙ የሚያያዘው በቦታ ማስያዣ ቁጥሩ፣ በመርከቡ ስምና በመነሻው ቀን ስለሆነ፣ ከሦስቱ አንዱ ከተሳሳተ ጠርሙሱ ሌላ ሰው ክፍል ሊገባ ይችላል። ትእዛዝ የሚዘጋበት ቀን ከመነሻው ዕለት የሚቀድም ሲሆን ከድርጅት ድርጅት ይለያያል፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ያዘዘ ሰው ግን ተረጋግቶ ይቀመጣል።

ዋጋውን ስታዩ አትደንግጡ፤ ከሱቁ እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመርበታል፤ ይኸውም በሮያል ካሪቢያን 18 በመቶ፣ በኖርዌጂያን 20 በመቶ ነው። መርከቡ አሜሪካ ወደብ ላይ ቆሞ ሳለ በሚሸጥ መጠጥ ላይ የግዛቲቱ ግብር የሚታከልበት ጊዜም አለ። ደረሰኙን አትማችሁ ወይም በስልካችሁ ይዛችሁ ግቡ፤ ጠርሙሱ እስከ መጀመሪያው ምሽት ካልደረሰ ወደ እንግዳ መቀበያው ሄዶ ደረሰኙን ማሳየት ብቻ በቂ ነው። እኔ በሠራሁባቸው ዓመታት የትእዛዝ ጠርሙስ ሲዘገይ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ደረሰኝ ይዞ የመጣ ሰው ግን መጠጡን ወይም ገንዘቡን ሳያገኝ ሲመለስ አላየሁም።

ጥያቄ፦ እኔ ለልጆቼ ከዚሁ ከጎንደር ዳግም አረቄና ጥቂት ጠጅ ይዤ ልሂድ ብዬ ነበር። አንዲት ብልቃጥ አረቄ ምን ትጎዳለች? (ከአራዳ፣ አንዲት እናት)

መልስ፦ እትዬ፣ ይህን ጥያቄ ስመልስ ልቤ ከእርስዎ ጋር ነው፤ እውነቱን ግን መናገር አለብኝ። አንድ ጊዜ በሠራሁበት መርከብ መግቢያ ላይ፣ ዕድሜያቸው የገፋ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት በውሃ ኮዳ ይዘውት የመጡት አረቄ ዓይናቸው እያየ ሲደፋ ቆሜ ነበር። ቋንቋውን ስላልተረዱት ያስረዳኋቸው እኔ ነኝ። አረቄውን ያወጡት በገዛ እጃቸው ሲሆን፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ለሚያገኙት ልጃቸው ነበር የያዙት። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ሰው ሳያውቅ እንዲህ እንዳይደርስበት መንገር እንደ ግዴታዬ አድርጌ ይዤዋለሁ።

ችግሩ የሚጀምረው ገና ከአውሮፕላኑ ነው። በአሜሪካ የአቪዬሽን ሕግ መሠረት የአልኮል መጠኑ ከ24 በመቶ በላይ እስከ 70 በመቶ የሆነ መጠጥ በሚጫን ሻንጣ ሊጓዝ የሚችለው ለአንድ ሰው እስከ 5 ሊትር ብቻ ነው፤ እርሱም ከሱቅ እንደ ወጣ በታሸገ ጠርሙስ መሆን አለበት። ከ70 በመቶ በላይ የሆነው ጭራሽ አይጫንም። በኮዳ ወይም በተከፈተ ጠርሙስ የተቀዳ የቤት አረቄ ይህን መስፈርት አያሟላም። ጠጁ ደግሞ መፍላቱን ስለማያቆም ክዳኑን ገፍቶ ልብስዎን ሁሉ ያበላሻል። እነዚህን ሁሉ አልፎ አሜሪካ ቢደርስ እንኳ፣ መርከቡ በፋብሪካ ያልታሸገ መጠጥ አያስገባም።

ስለዚህ የምመክርዎ ይህን ነው፦ በፋብሪካ የታሸገ የኢትዮጵያ ወይን ጠጅ፣ ለምሳሌ ጉደር ወይም አክሱማዊት፣ በሚጫነው ሻንጣዎ በልብስ ጠቅልለው ይያዙ። ዕድሜው 21 የሞላ ሰው ወደ አሜሪካ ሲገባ ለራሱ የሚሆን 1 ሊትር መጠጥ ያለ ቀረጥ ያስገባል። ከዚያ እያንዳንዱ አዋቂ ወደ መርከቡ ይዞ እንዲገባ የሚፈቀድለት አንድ ጠርሙስ ያ ይሁን፤ በእጅ በሚያዝ ቦርሳ እንጂ ለተሸካሚ በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ አያድርጉት። ልጆችዎ መርከብ ላይ የአገራቸውን ወይን ሲቀምሱ ደስታዎ ሙሉ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ዳሽን ቢራስ?

መልስ፦ የከተማችን ቢራ ቢሆንም ወደ እነዚህ መርከቦች አይገባም። እያንዳንዱ አዋቂ በመሳፈሪያው ቀን እስከ 6 ቢራ እንዲይዝ የሚፈቅደው ዲዝኒ የተባለው የመርከብ ድርጅት ነው።

ጥያቄ፦ እኔና እናቴ አንድ ክፍል ነው የምንይዘው፤ እናቴ መጠጥ አትቀምስም። የቀን የመጠጥ ፓኬጅ ልግዛ ወይስ ጠርሙስ ላዝዝ? (ከማራኪ፣ አንድ ወጣት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉ ጥያቄ በላይ ገንዘብ የሚያስወጣው ይኸው ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለህ አስላው። ፓኬጅ ማለት ለእያንዳንዱ መጠጥ ከመክፈል ይልቅ በቀን የተወሰነ ገንዘብ አስቀድሞ ከፍሎ ከባሩ ማዘዝ ነው። ካርኒቫልም ሮያል ካሪቢያንም የአልኮል ፓኬጅ ሲሸጡ፣ በአንድ ክፍል ያሉ ዕድሜያቸው 21 የሞላ ሁሉ አብረው እንዲገዙ ያስገድዳሉ፤ ምክንያቱም አንዱ በገዛው ፓኬጅ ሌላው እንዳይጠጣ ነው። እናትህ ጾመኛ ቢሆኑም ባይሆኑም፣ አንዲት መለኪያ ባይቀምሱም ላንተ ሲባል ሊከፈልላቸው ይችላል። ሮያል ካሪቢያን የማይጠጡ ሰዎችን ለስላሳና ቡና የያዘ ርካሽ ፓኬጅ እንዲወስዱ የሚፈቅድበት ጊዜ ስላለ ቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አሁን ቁጥሩን እንይ። ፓኬጁ ከአገልግሎት ክፍያው ጋር ለአንድ ሰው በአብዛኛው በቀን ከ60 ዶላር በላይ ይሆናል፤ ለ7 ቀን ከ420 ዶላር በላይ፣ ለሁለታችሁ ከ840 ዶላር በላይ ማለት ነው። 750 ሚሊ ሊትር የያዘ አንድ ጠርሙስ ደግሞ በአሜሪካ መለኪያ፣ ማለትም በ44 ሚሊ ሊትር ሲቀዳ ወደ 17 መለኪያ ይወጣዋል። በየምሽቱ ሁለት መለኪያ ብትጠጣ ሰባቱ ሌሊት 14 መለኪያ ነው፤ አንድ ጠርሙስ ይበቃሃል፣ ይተርፍሃልም። ወንድምህም ከሌላ ክፍል መጥቶ ያንኑ ያህል ቢጠጣ ሁለት ጠርሙስ ለሁለታችሁ በቂ ነው። ካርኒቫል ለአንድ ሰው በመሳፈሪያው ቀን እስከ 12 ጣሳ ለስላሳ ስለሚፈቅድ መቀላቀያውንም ይዘህ ትገባለህ።

ፓኬጁ የሚያዋጣው ቀኑን ሙሉ በመዋኛው ዳር ተቀምጦ በየሰዓቱ ለሚያዝ ሰው ነው። ካርኒቫል እንኳ ለዚያ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ15 የአልኮል መጠጥ በላይ አይሰጠውም። እኛ ጎንደሬዎች ግን መጠጥ የምንወደው ከጨዋታ ጋር፣ ሰብሰብ ብለን ነው፤ የክፍል ጠርሙስ ደግሞ የተሠራው ለዚህ ነው። ፍርዴን ከጠየቅኸኝ ጠርሙሱን እዘዝ።

አንድ ነገር ግን አትርሳ፤ ለክፍል የተገዛ ውስኪ ከክፍል ይዘህ ወደ ምግብ አዳራሽ ወይም ወደ ባር አትወስደውም። ወይን ከሆነ የሚፈቅዱ አሉ፤ ከራት የተረፈውንም አስተናጋጁ የክፍልህን ቁጥር ጽፎ ለማግሥቱ ያስቀምጥልሃል። በረዶና ብርጭቆ ከክፍል አጽጂህ ጠይቅ፤ በደስታ ያመጣልሃል። በክፍሉ ያለው ትንሽ ማቀዝቀዣ ኃይሉ ደካማ ስለሆነ ሻምፓኝ በእርሱ ብቻ አይቀዘቅዝም፤ የበረዶ ባልዲ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ልጄ ባለፈው ጥር አግብታ ለጫጉላ መርከብ ልትሳፈር ነው። እኔ እዚሁ ጎንደር ሆኜ ክፍሏ ስትገባ ጠርሙስ ሻምፓኝ እንዲጠብቃት ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለዎት። ይችላሉ። እንዲህ ያለ ስጦታ መንገደኛ ያልሆነ ሰውም ሊያዝዘው ይችላል፤ የሚያስፈልገው የልጅዎ ስም በፓስፖርቱ እንደ ተጻፈው፣ የቦታ ማስያዣ ቁጥሯ፣ የመርከቡ ስምና የመነሻው ቀን ነው። ቁጥሩን ከሙሽራው በምስጢር ይጠይቁ። ክፍያው በዶላር በዓለም አቀፍ ካርድ ስለሆነ፣ ካርድ ያለው ዘመድ እዚያው አሜሪካ እንዲከፍልልዎ ማድረጉ ይቀላል። ቀኑን ሲጽፉ የአገራችንንና የፈረንጁን አቆጣጠር እንዳይቀላቅሉ ይጠንቀቁ። አጭር የምርቃት ቃል ማስጻፍም ይቻላል፤ በግእዝ ፊደል ስለማይቀበሉት አማርኛውን በላቲን ፊደል ያስጽፉት።

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ልጄ አውሮፓ ሲጠጣ ነበር፤ እዚህስ?

መልስ፦ ከአሜሪካ ወደብ በሚነሡ መርከቦች 21 ዓመት መሙላት ግድ ነው። ሮያል ካሪቢያን ከአውሮፓ በሚነሡት ላይ 18 ይበቃዋል። ለክፍል ለታዘዘ ጠርሙስም መታወቂያ ሊጠየቅ ይችላል፤ ለልጅዎ በጠርሙሱ እንዲቀዱለት አይፍቀዱ፤ ተጠያቂው ጠርሙሱን ያዘዘው ሰው ነውና።

ጥያቄ፦ በክፍላችን ቡና ማፍላት፣ ዕጣን ማጨስስ?

መልስ፦ ፈጽሞ አይቻልም። መርከብ ላይ ከሁሉ የሚፈራው እሳት ስለሆነ ከሰልም፣ ዕጣንም፣ ሻማም፣ የኤሌክትሪክ ምድጃም ተከልክሏል።

ጥያቄ፦ መርከቡ በሚቆምበት ደሴት ርካሽ ሮም ይሸጣል ይባላል። ገዝተን ወደ ክፍል ብናስገባውስ?

መልስ፦ መግዛት ይቻላል፤ ስትመለሱ ግን በመግቢያው ላይ ተቀብለው ደረሰኝ ይሰጧችኋል፤ ጠርሙሱን የምታገኙት በመጨረሻው ምሽት ወይም በመውረጃው ጠዋት ነው። ከመርከቡ ከቀረጥ ነፃ ሱቅ የተገዛውም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ለቤት ስጦታ እንጂ ለጉዞው አይሆንም። ለክፍል ያዘዛችሁት ጠርሙስ ሳይከፈት ቢተርፍ ይዛችሁት መውረድ ትችላላችሁ፤ ነገር ግን የአሜሪካ ጉምሩክ ያለ ቀረጥ ለአንድ አዋቂ የሚፈቅደው በመሠረቱ 1 ሊትር ስለሆነ፣ የደሴቱን ሮም ስትገዙ የተረፈውንም አብራችሁ ቁጠሩት።