ማይኒንግ፣ ሜታለርጂ ወይስ ፔትሮሊየም? ከደሴ ለጻፈችልኝ ተማሪ

ሰላም እህቴ እንዴት ነሽ፣ ይቅርታ መልሱን አቆየሁብሽ። ሌሎችም እንዲገባቸው ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። 12ኛን በናቹራል ጨርሰሽ ጥሩ ውጤት አምጥተሻል፣ ቤታችሁ ደሴ ነው፣ አጎትሽ ደላንታ ኦፓል ይቆፍራል እና አንቺም ከልጅነትሽ ጀምሮ ድንጋይ ስትለቅሚ ነው ያደግሽው። አባትሽ "ሴት ልጅ ጉድጓድ ውስጥ ምን ትሰራለች" ብለዋል፣ የአክስትሽ ልጅ ደግሞ ጋዝ ወጥቷል ብሩ ያለው ፔትሮሊየም ላይ ነው ይልሻል፣ ጓደኞችሽ በቃ ሶስቱም ስራ የላቸውም ብለው ዘግተውታል። የቱን ልምረጥ ነው ያልሽኝ።

አብሽሪ። መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ፔትሮሊየምን ለመጀመሪያ ዲግሪ አትያዢው። ሜዳ ላይ መክረም የምትችይ ከሆነ ማይኒንግ ግቢ፣ ከከተማና ከፋብሪካ መራቅ ካልፈለግሽ ደግሞ የሜታለርጂውን (ብረታ ብረትን ከድንጋዩ የመለየትና ጠባዩን የማስተካከል ሙያ) መስመር ያዢ፣ እኛ ሀገር ብዙ ጊዜ ማቴሪያልስ ኢንጂነሪንግ በሚል ስም ነው የምታገኚው።

ምክንያቱን ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ ልመልስሽ። እነዚህ ሶስቱ ድሮ የተለያዩ አልነበሩም። ጀርመን ፍራይበርግ ላይ የማዕድን አካዳሚው በ1765 እ.ኤ.አ ሲከፈት ቆፋሪውም አቅላጩም አንድ ግቢ ነው የተማረው፣ ምክንያቱም የብር ማዕድኑን ከተራራው ማውጣት ብቻውን ዋጋ የለውም፣ ከድንጋዩ መለየት አለበት። ፔትሮሊየም ከሁሉም በኋላ የመጣ ነው። ድሬክ የሚባለው ሰው በ1859 ፔንሲልቫኒያ ውስጥ 21 ሜትር ገደማ ቆፍሮ ዘይት አገኘ፣ ትምህርቱ ራሱን ችሎ ዲግሪ የሆነው ግን በ1910ዎቹ ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ላይ ነው። በመሃል ባሉት 50 ዓመታት ዘይቱን ሲያወጡ የነበሩት የማዕድን መሃንዲሶች፣ ጂኦሎጂስቶች እና መካኒኮች ናቸው። ይሄን የምነግርሽ ከሰፊው ወደ ጠባቡ መግባት ሁልጊዜም እንደሚቻል እንድታይ ነው፣ ከጠባቡ ወደ ሰፊው መመለስ ግን አበሳ ነው።

የአክስትሽ ልጅ ያለው ጋዝ እውነት ነው። በሶማሌ ክልል ያለው የካሉብ ጋዝ የመጀመሪያው ምዕራፍ በመስከረም 2018 ተመርቋል። ግን መቼ እንደተገኘ ታውቂያለሽ? በ1960ዎቹ ነው፣ በኛ አቆጣጠር። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ከመሬት በታች ተቀምጦ ነበር፣ ካምፓኒ ሲመጣ ካምፓኒ ሲሄድ። ያኔ ካሉብን ተማምኖ ፔትሮሊየም የተማረ ሰው ቢኖር ጡረታ ወጥቶ ነበር። ደግሞ ጋዝ ማምረቻ ተተክሎ ስራ ሲጀምር በቋሚነት የሚቀጥረው በአብዛኛው ኬሚካል፣ ሜካኒካልና ኤሌክትሪካል ኢንጂነር እንዲሁም ጥሩ በያጅ ነው። ስለዚህ ልብሽ እዛ ከሆነ ኬሚካል ወይ ሜካኒካል ተምረሽ ፔትሮሊየሙን በማስተርስ ጨምሪበት፣ መንገዱ አይዘጋብሽም።

አሁን ወደ ሜታለርጂ ልምጣ፣ ይሄ ልጆች አይተው የሚያልፉት ነገር ነው እና ያንገበግበኛል። ብረት ማቅለጥ ብቻ ይመስላቸዋል። ከቤትሽ ወጥተሽ ወደ ጦሳ ተራራ ቀና ስትይ የምታይው ቆርቆሮ ሁሉ ስስ ብረት ሆኖ 450 ዲግሪ ገደማ በሆነ የቀለጠ ዚንክ ውስጥ ተነክሮ የወጣ ነው፣ ዚንኩ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ያድነዋል፣ ንክሩ ሳስቶ ከሆነ ጣራው በጥቂት ክረምት ይዝጋል። ይሄን የሚወስን ሰው ሜታለርጂስት ነው። ወርቁም እንደዛው ነው፣ በ1887 እ.ኤ.አ ስኮትላንድ ውስጥ ወርቅን በሳይናይድ ውሃ የማሟሟት ዘዴ ባይገኝ ኖሮ በዓይን የማይታየው ወርቅ አብዛኛው ከድንጋዩ ጋር ይጣል ነበር። ለነገሩ ሀገራችን ለዚህ ሙያ እንግዳ አይደለችም፣ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያስቀለጡት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል፣ በሰው ጉልበት ተጎትቶ መጥቶ ዛሬም መቅደላ ላይ ተቀምጧል፣ ከደሴ ሩቅ አይደለም እና ሄደሽ እይው። ያን የሚያህል ነሐስ አቅልጦ ሳይሰነጠቅ ቅርጽ ማስያዝ ቀልድ አይደለም።

ወደ ዛሬው ስመጣ፣ ኮምቦልቻ ላይ ቢራ ፋብሪካ አለ፣ ጨርቃ ጨርቅ አለ፣ ብረታ ብረት አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ሁሉም ቦይለር አላቸው፣ ቧንቧ አላቸው፣ የሚሽከረከር ሻፍት አላቸው፣ እነዚህ ደግሞ ይዝጋሉ ይሰበራሉ። አንድ የማማክረው ልጅ ነበር፣ ሜካኒካል ተማሪ፣ ኢንተርንሽፕ የወጣበት ፋብሪካ ውስጥ አንድ ሻፍት በየጥቂት ወሩ ይሰበራል፣ እነሱ ደግሞ ያንኑ በአዲስ እየቀየሩ ይቀጥላሉ። ልጁ ስብራቱን ሰብስቦ ቢያይ ሁሌም የሚሰበረው ቁልፍ (ሻፍቱን ከማርሹ ጋር የሚያስረው ቁራጭ ብረት) ከሚገባበት ጎድጓዳ ጥግ ላይ ነው፣ ጥጉ ሹል ሆኖ ስለተቆረጠ ጫናው እዛ ላይ ይሰበሰባል፣ ትንሽ ስንጥቅ ትጀምርና በየዙሩ እየሰፋች ትሄዳለች። ጥጉን አለስልሰው እንዲቆርጡት ነገራቸው፣ አለቀ። የመጀመሪያ ስራውን ያገኘው በዚች ነገር ነው፣ ሲቪው ላይ የጻፋት እሷን ነበር።

እንደውም አጎትሽ የሚያወጣው ድንጋይ ራሱ የማቴሪያልስ ጥያቄ ነው። የወሎ ኦፓል ውሃ ሲነካው ብርሃን እንደሚያሳልፍ ቀለሙም እንደሚጠፋ፣ ሲደርቅ ደግሞ እንደሚመለስ አይተሽ ታውቂያለሽ። ውስጡ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስላሉ ነው ውሃውን የሚመጠው። ለምን አንዱ ኦፓል ሲደርቅ ይሰነጠቃል ሌላው አይሰነጠቅም የሚለውን የምታጠና የደላንታ ልጅ ብትኖር ስንት ገበሬ ትጠቅም ነበር።

ማይኒንግን በተመለከተ። አባትሽ ያሉት ጭንቀት ነው እና አትቆጪ፣ ልጄ ድንጋይ ይወድቅባታል ብለው ነው። ግን ማይኒንግ ኢንጂነር አካፋ ይዞ አይደለም የሚውለው። ስራው የት እንደሚቆፈር፣ ድንጋዩ በምን ያህል ፈንጂ እንደሚፈርስ፣ ግድግዳው በምን ዳገት እንደሚቆም፣ አየሩ እንዴት እንደሚገባ ማስላት ነው፣ ማለትም የዚያን ድንጋይ መውደቅ የሚከለክለው ሰው ማለት ነው። ደላንታን አስቢ። የወገልጤናው ኦፓል በ2008 እ.ኤ.አ ከተገኘ ጀምሮ ሰው ገደሉን ወደ ጎን እየሰረሰረ ነው የሚገባው፣ ኦፓሉ ያለው በእሳተ ገሞራ ድንጋዩ መሃል ባለች አንዲት ስስ ንብርብር ውስጥ ስለሆነ እሷን እየተከተለ ነው ወደ ውስጥ የሚሄደው፣ ከላይ ግን ተራራው አለ። ድጋፍ እንጨት የለም፣ ሁለተኛ መውጫ የለም። እዛ ሄጄ አይቻለሁ፣ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጠው ልጆቻቸውን የሚጠብቁ እናቶች አይቻለሁ፣ ለዚህ ነው አንቺ ማይኒንግ ብትማሪ ደስ የሚለኝ። ስራውም ደላንታ ብቻ አይደለም፣ በኛ አቆጣጠር በ2017 መጀመሪያ የተመረቀው የለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካ የኖራ ድንጋይ ቁፋሮ አለው፣ ለገደንቢ ወርቅ አለ፣ በቤኒሻንጉል የኩርሙክ አለ። የድንጋይ መካኒክስ የተማረ ሰው መንገድ ስራም ላይ ይፈለጋል፣ የሐረጎን ቁልቁለትና በየክረምቱ የሚንሸራተተውን የደሴን መሬት የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ግን ሳልሸሽግ ልንገርሽ፣ ሜዳው ከባድ ነው፣ ከቤተሰብ መራቅ አለ፣ የጸጥታውም ነገር አለ። ይሄን ከአባትሽ ጋር ቁጭ ብለሽ አውሪው፣ ተደብቀሽ ፎርም አትሙዪ።

ወደ ተግባሩ፣ ማይኒንግ ኢንጂነሪንግ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እና አክሱም አለ፣ ማቴሪያልስ ደግሞ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እና ጅማ። አዲስ አበባና አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ የራሳቸው መግቢያ ፈተና ስላላቸው ማስታወቂያው ሲወጣ እንዳያመልጥሽ። እነዚህ ካልሆኑና ቅርብ ከቀረሽ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሜካኒካል ወይ ኬሚካል ግቢ፣ ሁለቱም ወደ ሜታለርጂ በር አላቸው። ፍሬሽማን ላይ ቀልድ የለም፣ ዲፓርትመንት የሚሰጥሽ በጂፒኤሽ ነው፣ ብዙ ልጅ ማትስና ፊዚክስን ንቆ ያልፈለገው ቦታ ተመድቦ ሲያለቅስ አይቻለሁ። አሁን ግቢ እስክትገቢ ባለሽ ጊዜ ኪውጂአይኤስ የሚባለውን የካርታ ሶፍትዌር አውርጂ፣ ነጻ ነው፣ ካርታ ማንበብ ተለማመጂበት። ወይዘሮ ስህን ፖሊ ቴክኒክ የብየዳ አጭር ስልጠና ካገኘሽ ደግሞ ግቢ፣ በእጅሽ ብረት አቅልጠሽ ማየትሽ ክፍል ውስጥ ይጠቅምሻል።

ምርጫሽን ከመሙላትሽ በፊት አንድ ጊዜ ጻፊልኝ፣ ዝርዝሩን አብረን እናያለን። አጎትሽ ጋር ግን ዛሬውኑ ደውይ፣ ዝናብ ከጣለ በኋላ ወዲያው እንዳይገባ፣ ብቻውን እንዳይገባ፣ ከላይ ጠጠር መርገፍ ከጀመረ ኦፓሉ እጁ ላይ እንኳን ቢሆን ጥሎት እንዲወጣ ንገሪልኝ።