«ጥሩ ይመስላል» ያለው ሰው ምን አጠፋ?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለመምህር። ልጅዎ ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ክረምት መግቢያ ላይ አንድ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ከነካሜራው መሥሪያ ቤታችን መጣ። አለቃዬ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ እኔ ወጣሁ። ማይኩን አስጠግቶ «የዘንድሮው የችግኝ ተከላ ዝግጅታችሁ ምን ይመስላል?» አለኝ። «ጥሩ ይመስላል» አልኩት። ማታ ተላለፈ። በማግስቱ አለቃዬ ጠሩኝና «ይመስላል ማለት ምን ማለት ነው? አታውቅም እንዴ?» ብለው ጮኹብኝ። እኔ በተጠየቅኩበት ቃል ነው የመለስኩት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ ወይስ ጠያቂው? (እውነቱን ልንገርዎትና፣ ያን ዕለት የጉድጓዱ ግማሽ ገና አልተቆፈረም ነበር።)

መልስ፦ ልጅዎ ነኝ ብለሃልና አንተ ልበልህ። ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ ተናደድኩ። በአንተ አይደለም፤ በዚህች በ«ምን ይመስላል» ነው። ስንት ዓመት ጆሮዬን ስታሳክከኝ የኖረች ነገር ናት። ሐይቁ ዳር ቡና የምጠጣበት ቤት ቴሌቪዥን ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። የአካባቢው ሰላም ምን ይመስላል? የማዳበሪያ ሥርጭቱ ምን ይመስላል? የጥምቀት ዝግጅቱ ምን ይመስላል? የሁለቱ አገሮች ግንኙነት ምን ይመስላል? አንድ ምሽት ልቆጥር ብዬ ጀመርኩ። ቡናዬ ሲቀዘቅዝብኝ ተውኩት።

በቅድሚያ ፍርዱን ልስጥ። በሰዋስው አላጠፋህም። አማርኛ ጥያቄን የሚመልሰው ግሡን በመድገም ነው። «በላህ?» «በላሁ።» «የት ይሠራል?» «ባንክ ይሠራል።» «ስንት ይመዝናል?» «አምስት ኪሎ ይመዝናል።» አንተም እንደ ደንቡ ደገምከው። ችግሩ «መሰለ» ሁለት ፊት ያለው ግሥ መሆኑ ነው። በጥያቄው ውስጥ «መልኩ፣ ሁኔታው እንዴት ነው» ማለት ነው። በመልስህ ውስጥ ግን «ሊዘንብ ይመስላል» እንደምንለው ሆነ፤ ጥርጣሬ ገባበት። ጠያቂው በአንዱ በር ገባ፣ አንተ በሌላው ወጣህ።

እዚህ ላይ አንዲት ፊደል ልብ በል። «ልጁ ማንን ይመስላል?» ብንል መልሱ «አባቱን» ነው። ተሳቢ አመልካቿ «ን» አለች። «ልጁ ምን ይመስላል?» ብንል ግን «ጠይም ነው፣ ረዘም ይላል፣ ፀጉሩ ከርዳዳ ነው» እንላለን። «ን» ከጥያቄው ጠፋች፤ «ይመስላል» ደግሞ ከመልሱ ጠፋች። «ጠይም ይመስላል» የሚል ሰው ልጁን በጨለማ ነው ያየው። እንግዲህ ግሥ የመድገሙ ደንብ በዚህች ጥያቄ ላይ ይሰናከላል ማለት ነው። አላጠፋህም ያልኩህን በግማሽ ልቤ ነው ያልኩት፤ ይቅርታ።

ወደ ሥሩ እንውረድ። አስፈላጊ ነው ወይ ካልከኝ፣ አይደለም። ግን ደስ ይለኛል። ም-ስ-ል የሴም ቋንቋዎች የጋራ ሀብት ነው። በግእዝ መሰለ፣ ምስል፣ ምሳሌ፣ አምሳል አለ። ኦሪት ዘፍጥረት «በአርአያነ ወበአምሳሊነ» (በመልካችን፣ እንደ ምሳሌያችን) ሲል ሁላችንም የምናውቃት ናት። «ከ…ጋር» የምትለዋን «ምስለ»ንም ከዚሁ ሥር የሚያመጧት አሉ፤ የሚመሳሰል ነገር አብሮ ይውላልና እኔም እስማማለሁ። በዐረብኛ «ምሥል» አቻ ነው። በዕብራይስጥ «ማሻል» ተረትና ምሳሌ ነው፤ መጽሐፈ ምሳሌም በዚያው ቋንቋ «ሚሽሌ» ይባላል። ከሁሉ የምትገርመኝ በጥንት ዘመን በዛሬዋ ኢራቅ ምድር የኖሩት የአካዶቹ ናት። እነሱ ዘንድ «ሚሽሉ» ማለት ግማሽ ነው። አንድን ነገር እኩል ብትከፍለው ሁለቱ ግማሾች ይመሳሰላሉ፤ ከዚያ የመጣ ነው። ይቺን ግማሽ ያዝልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ወደ አማርኛ ስንመጣ ሥሩ ጠባዩን ይለውጣል። ማስመሰል አለ። አስመሳይ አለ። መስሎ አዳሪ አለ። ምስለኔም ነበር፤ በንጉሡ ዘመን የምክትል ወረዳ ገዥ የነበረው። «እኔን መሳይ» ማለት ነው። በሌለሁበት እኔን ሆነህ ቁም፣ ፍረድ፣ ተናገር። ወዳጄ፣ አንተም በዚያች ቀን በካሜራው ፊት የአለቃህ ምስለኔ ነበርክ።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር። በልጅነቴ ጎጃም ውስጥ ሽማግሌ መንገደኛን ሲያገኝ «አገር አማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። አማን በግእዝ እውነት ነው። አመነ፣ እምነት፣ አሜን ሁሉም ዘመዶቹ ናቸው። መንገደኛውም ሰላም ከሆነ «አማን ነው» ይላል። ካልሆነ ደግሞ ይቀመጥና ያወራዋል። በዚያኛው ቃል የሚጠየቀው እውነቱ ነው። በዛሬው ቃል የሚጠየቀው መስሎ የሚታየው ነው። «የአካባቢው ሰላም ምን ይመስላል?» ሲባል «ሰላም ይመስላል» ብሎ መመለስ ምን ያህል እንደሚያስፈራ አስበው። አባቶቻችን ጥያቄውን በእውነት ሥር ላይ ሠሩት፤ እኛ በመምሰል ሥር ላይ ሠራነው።

እዚህ ላይ አንድ የሙያ ባልደረባዬ ይነሣብኛል። ስሙን አልጠራም፤ እሱ ራሱን ያውቃል። የእሱ ክርክር «ምን ይመስላል ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ ነው፤ ጋዜጠኞች ናቸው ያመጡት፤ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከመምጣቱ በፊት አማርኛ እንዲህ አይልም ነበር» የሚል ነው። ያልወደድነውን ሁሉ ለእንግሊዝኛ መስጠት ቀላል ነው። እኔም ቃሏን አልወዳትም። ቢሆንም በሐሰት አልከስሳትም። «ሙሽራዋ ምን ትመስላለች?» የሚል ጥያቄ የስንት ዘመን ነው! ሰርግ ያልጠራት ጎረቤት ይህን ለመጠየቅ እንግሊዝኛ መማር ነበረባት?

ባልደረባዬ አይተኛም። «ሙሽራ ትታያለች፤ ሰላም፣ ዝግጅት፣ ግንኙነት ግን አይታዩም። የማይታየውን ምን ይመስላል ማለት ነው የመጣው» ይላል። ይቺ እንኳ ጥሩ ክርክር ናት። እኔም ለረጅም ጊዜ በዚሁ መስመር ቆሜ ስከራከር ነበር። ለተማሪዎቼም «ለሚታይ ነገር ብቻ» እያልኩ አስተምሬአለሁ። «ባሕር ዳር ድሮ ምን ትመስል ነበር?» ያማረ ጥያቄ ነው፤ ከተማ ፊት አላት። አንድ አዛውንት በአንድ የባህል ዝግጅት ላይ ይህን ተጠይቀው ሲመልሱ ሰምቻለሁ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲተከል፣ ፖሊ ቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ሴቶቹ ከሐይቁ ውሃ ሲቀዱ፣ የደንገል ታንኳው ከዘጌ እንጨት ጭኖ ሲመጣ፣ ሁሉንም ሣሉት። ጋዜጠኛውም አላቋረጣቸውም፤ እግዜር ይስጠው።

ይሁንና የማይታየውስ? ሉቃስ 13 ቁጥር 18ን ግለጥ። «የእግዚአብሔር መንግሥት ምን ትመስላለች?» ይላል። ከእሷ በላይ የማይታይ ምን አለ? ይህን ካየሁ በኋላ «ለሚታይ ብቻ» የምትለዋን ደንቤን ቀስ ብዬ ከማስተማሪያ ወረቀቴ ላይ ሰርዣታለሁ። ባልደረባዬ «እሱም ትርጉም ነው» ይለኛል። ይበል። በእሱ ቤት ሁሉም ነገር ትርጉም ነው።

ነገር ግን እዚያው ምዕራፍ ላይ መልሱን እይ። የሰናፍጭ ቅንጣት ይመጣል። ቀጥሎ እርሾ ይመጣል። «ጥሩ ትመስላለች» የሚል የለም። ለማይታይ ነገር «ምን ይመስላል» የሚል ጥያቄ ሲቀርብ መልሱ ምሳሌ ነው፤ ሥሩም ያው ምሳሌ ነውና። ይህን ደንብ አሳምሮ የሚያውቅ ሰው አንድ ጊዜ በቴሌቪዥን አይቻለሁ። የጣና አሳ አስጋሪ ነው፣ ፎገራ በኩል። እምቦጭ ሐይቁ ላይ ከታየ ዓመታት አልፈው ነበር። ጋዜጠኛዋ «የእምቦጩ ሁኔታ ምን ይመስላል?» አለችው። ዞሮ ውሃውን አየና «ጎመን ማሳ ይመስላል» አላት። ትንሽ ቆየና «አበባው ሐምራዊ ነው፤ ያምራል። ታንኳ ግን አያሳልፍም» ብሎ ጨመረ። ቡና ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ተነሥቼ ላጨበጭብለት ነበር።

እንዲያም ሆኖ መሸነፌን ልናገር። አንድ ቅዳሜ ገበያ ሄጄ ከበርበሬ ሻጯ ፊት ቆሜ ሳለሁ ጓደኛዋ መጣች። «እንዴት አደርሽ፣ ገበያው ምን ይመስላል?» አለቻት። «ምን ባክሽ፣ ቀዝቅዟል» አለች ሻጯ፤ ግሡን ሳትደግም፣ ልክ እንደ ደንቡ። ሴትዮዋ ዜና አንባቢ አይደለችም። እንግሊዝኛም አልገለበጠችም። ቃሉ ገበያ ከወረደ እኔ ብጮኽ ምን ዋጋ አለው? ሥርወ ቃል ቃሉ ከየት እንደመጣ ይነግርሃል እንጂ ወዴት እንደሚሄድ አያዝም። ይህን ስጽፍ እጄ ከብዶኛል።

ለቴሌቪዥን ጠያቂዎች ግን ሁሉንም አልለቅላቸውም። የእነሱ «ምን ይመስላል» የገበያዋ ሴት «ምን ይመስላል» አይደለችም። የእነሱ ጥርስ የሌላት ጥያቄ ናት። አማርኛ ጥርስ ያላቸው መጠይቃዊ ቃላት አሉት፦ ማን፣ ስንት፣ መቼ፣ የት፣ ለምን። «ስንት ጉድጓድ ተቆፈረ?» ብትባል ኖሮ ምን ትመልስ ነበር? «ችግኙ ከየት ይመጣል?» «አምና ከተተከለው ስንቱ ጸደቀ?» እነዚህ ያስጨንቃሉ። «ዝግጅቱ ከምን ደረሰ?» እንኳ ብትባል ቢያንስ አንድ ቦታ መድረስ ነበረብህ። «ምን ይመስላል» ግን እንግዳውን እንደፈለገ እንዲያወራ ሰፊ ሜዳ ትሰጠዋለች። ፖለቲከኞች የሚወዷት በከንቱ አይደለም። «የፖለቲካ ምኅዳሩ ምን ይመስላል?» ሲባል ሰውየው ሃያ ደቂቃ ይናገራል፤ ማንም ምንም አልያዘም። (በነገራችን ላይ ምኅዳር ከኀደረ የመጣ ነው፤ ማደሪያ ማለት ነው። ቤት ምን እንደሚመስል መጠየቅስ ያስኬዳል። እዚህ ላይ ዝም እላለሁ።) ማስረጃ አለህ ወይ ብትለኝ፣ የለኝም። ጆሮዬ ነው የሚነግረኝ።

«ምን ይመስልዎታል?» ግን ሌላ ነው፤ «ዎት» የምትለዋ የተሳቢ ቅጥያ ስትገባ ጥያቄው ወደ ሰውየው ሐሳብ ይዞራል። እሱን አልነካውም።

ወደ ጉዳይህ ልመለስ። ሌላ ጊዜ ካሜራ ሲመጣብህ ግሡን አትድገም። ያለውን ዘርዝር፦ «ችግኙ ፈልቷል፤ መሬቱ ተለይቷል፤ ጉድጓዱ እየተቆፈረ ነው» በል። ወይም እንደ አሳ አስጋሪው አንድ ምሳሌ ጣል አድርግ። ከሁለቱ አንዱ ከአለቃህ ቁጣ ያወጣሃል።

አለቃህን ግን በአንድ ነገር አልስማማላቸውም። «ይመስላል ማለት ምን ማለት ነው?» ብለው ጠይቀውሃል። ይኸው መልሱ። አካዶቹ ዘንድ ግማሽ ማለት ነው ብዬህ ነበር። ያን ዕለት የጉድጓዱ ግማሽ አልተቆፈረም ብለኸኛል። «ጥሩ ነው» ብትል ውሸት ነበር። «መጥፎ ነው» ብትልም ግማሹ ተቆፍሯል። «ጥሩ ይመስላል» አልክ። ከዚህ የበለጠ ልኩን የያዘ መልስ በዚያ ቡና ቤት ቴሌቪዥን ሰምቼ አላውቅም።