የቫን ሄለን ቸኮሌት እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ስለ ሮክ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ከመጣው ግማሹ ስለ አሜሪካኖቹ የሮክ ባንድ ቫን ሄለን ሆኖ አረፈው። እኔም ደካማ ጎኔ ስለሆኑ ዛሬ በነሱ ብቻ እንሂድ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)።

ጥያቄ፦ ቡናማ ቸኮሌት ካዩ ያብዳሉ የሚባለው እውነት ነው? ጥጋብ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ውሉ ላይማ ተጽፏል። ከመድረክ ጀርባ ኤም ኤንድ ኤም (ባለ ብዙ ቀለም ትንንሽ ክብ ቸኮሌት) በሳህን ይቅረብ፣ ቡናማው ግን አንድም እንዳይገኝ ይላል። እኔም መጀመሪያ ስሰማ በቃ ዝና ያናወዛቸው ልጆች ናቸው ብዬ ነበር። ዘፋኙ ዴቪድ ሊ ሮዝ የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ ነው የገባኝ። ያኔ ሌላው ባንድ ቢበዛ በ3 ከባድ መኪና ሲዞር እነሱ 9 አስከትለው ነው ከተማ የሚገቡት፣ መብራቱ ብረቱ ስፒከሩ ምናምን፣ ወለሉ ይችላል ወይ ኤሌክትሪኩ ይበቃል ወይ የሚለው ሁሉ በወፍራም ውል ተዘርዝሮ ቀድሞ ይላካል፣ አዘጋጁ ደግሞ ያው እንደምታውቁት ሳያነብ ይፈርማል። ስለዚህ ቸኮሌቷን ውሉ መሃል ሸጎጧት። ሮዝ ገብቶ ሳህኑ ላይ ቡናማ ካየ አልተነበበም ማለት ነው፣ ሁሉም ነገር እንደገና ይፈተሻል። ኮሎራዶ፣ ፑዌብሎ ላይ ያላነበቡት ሰዎች መድረኩን አዳራሽ ውስጥ አቆሙት፣ ወለሉ ሰመጠ፣ በአስር ሺዎች ዶላር ኪሳራ፣ ወሬው ግን በቸኮሌት ተናዶ አዳራሽ አወደመ ሆኖ ወጣ። ሮዝ መልበሻ ክፍሉን እንዳልማረው ራሱ ያምናል፣ ጨዋ ነው አላልኩም።

ጥያቄ፦ ቢት ኢት ላይ ያለውን ጊታር የሚጫወተው የማይክል ጃክሰን ጊታሪስት ነው?

መልስ፦ ሶሎውን (መሃል ላይ ጊታሩ ብቻውን የሚገንንበትን) ከሆነ የቫን ሄለን ጊታሪስት ኤዲ ቫን ሄለን ነው! 1982 ላይ የማይክል ፕሮዲውሰር ኩዊንሲ ጆንስ ሲደውልለት የሚቀልድበት ሰው መስሎት ነበር። ሄዶ ተጫወተና ወጣ፣ ሳንቲም አልተቀበለም። አሁን የሚያስቀውን ልንገራችሁ፣ በ1984 ጃምፕ የሚለው ዘፈናቸው አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጣ፣ አልበሙ ግን ሁለተኛ ላይ ቀረ። ከፊቱ የቆመው ማን መሰላችሁ? ቢት ኢት ያለበት የማይክል ጃክሰን ትሪለር። በነፃ ያገዘው አልበም!

ጥያቄ፦ ስማቸው የአሜሪካ አይመስልም፣ ከየት ናቸው?

መልስ፦ ኤዲና ድራመሩ ወንድሙ አሌክስ የተወለዱት ሆላንድ ነው፣ እናታቸው የኢንዶኔዥያ ተወላጅ ናቸው፣ በ1962 ካሊፎርኒያ ገቡ። መጀመሪያ ድራም የነበረው ኤዲ ነው። የድራሙን ዕዳ ለመክፈል ጋዜጣ ሲያድል አሌክስ እቤት ቁጭ ብሎ ድራሙን ይደበድባል፣ አንድ ቀን ሲመጣ ወንድሙ በልጦታል፣ ተናዶ ጊታሩን አነሳ። ከዛ በኋላ ያለውን ዓለም ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ ሮዝ ወይስ ሳሚ ሄገር?

መልስ፦ ኧረ አታጣሉኝ! ቁጥሩን ካያችሁ ሮዝን የተካው ዘፋኝ ሄገር ነው፣ ከ1986 እስከ 1995 አብሯቸው የሠራቸው 4 የስቱዲዮ አልበሞች በሙሉ አንደኛ ወጥተዋል፣ በሮዝ ጊዜ አንድም የለም። ድምፁም ከሮዝ ይሻላል። እኔ ግን ሮዝ። የ1978ቱን የመጀመሪያ አልበም ክፈቱና ስሙት፣ አራት ልጆች ሰፈር ሲረብሹ ነው የሚመስለው፣ እሱ ነገር በኋላ አልተመለሰም። የሦስተኛውን ዘፋኝ የጌሪ ቸሮንን ዘመን እንለፈው።

ጥያቄ፦ ባንዱ አሁንም አለ?

መልስ፦ የለም። የመጨረሻው ኮንሰርት ኦክቶበር 2015 ሆሊውድ ቦል ላይ ነበር፣ ኤዲ ኦክቶበር 6 2020 በ65 ዓመቱ በካንሰር አረፈ። ከ2007 ጀምሮ ቤዝ ይጫወት የነበረው ልጁ ቮልፍጋንግ አሁን የራሱ ባንድ አለው፣ የአባቱን ዘፈኖች እዛ መድረክ ላይ አልጫወትም ብሏል። የባንዱ ስም ማሞዝ ነው፣ አባቱና አጎቱ ቫን ሄለን ከመባላቸው በፊት የሚጠሩበት ስም።